የጨዋታ ገንዘብ አድራሻ ይኑረው

ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት የእንጨት ጀልባ፣ በጀርባዋ በተሰቀለ ትንሽ ሞተር እየተገፋች በጃፓን አገር በተከለለ ውኃ ላይ ስትሽቀዳደም ያየ ሰው፣ ይህ ሽቅድምድም በኢትዮጵያ ደጋ በግማሽ ሄክታር ማሳ ላይ ከተዘራ በቆሎ ጋር፣ ወይም በሥጋ ደዌ ተይዞ ፈውስን ከሚጠባበቅ ሕሙም ጋር አንዳች ዝምድና ይኖረዋል ብሎ ለመገመት ይቸገራል። ዝምድናው ግን በሕግ አንቀጽ ተወስኖ፣ በገንዘብ መዝገብ ተጽፎ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ የተጠቀምንበት እኛ ሳናውቀው መቅረታችንም ለራሳችን ጉዳይ ልንወስደው የሚገባንን ዐቢይ ትምህርት አስቀርቶብናል።

ትምህርቱን ከመጀመሪያው በግልጥ ላስቀምጠው። አንድ መንግሥት ዜጎቹ በዕድል ጨዋታ ገንዘባቸውን እንዲያወጡ ከፈቀደ፣ ከዚያ ገንዘብ ለሕዝብ የሚገባው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ፣ ለማን እንደሚደርስና በምን ላይ እንደሚውል አስቀድሞ በሕግ መጻፍ፣ አፈጻጸሙንም በየዓመቱ ለሕዝብ መናገር ግዴታው ነው። ይህን የምለው በአዲስ አበባ ከባምቢስ እስከ ካዛንቺስ፣ ከዚያም እስከ አገሪቱ ዳርቻ ድረስ ወጣቱ በኳስ ውርርድ በየቀኑ የሚያፈስሰው ብር አድራሻ የሌለው ሆኖ ስለማየው ነው፤ የጀልባዎቹን ታሪክ የምተርከውም አድራሻ ያለው የጨዋታ ገንዘብ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል አንባቢ በተጨባጭ እንዲያየው ብዬ ነው።

ጀልባን በሞተር የማሽቀዳደም ልማድ ከሞተሩ ዕድሜ ብዙም አያንስም። እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ኦሊምፒክ የሞተር ጀልባ ውድድር በሳውዝሃምፕተን ባሕር ላይ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተደርጎ ነበር፤ ነፋሱና ማዕበሉ እጅግ በርትቶ ስለ ነበረ ከሦስቱ ውድድሮች በእያንዳንዱ አንዲት ጀልባ ብቻ ከፍጻሜ ደረሰች። በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪካ ሚልዎኪ ከተማ ይኖር የነበረው የኖርዌይ ተወላጅ ኦሌ ኤቪንሩድ፣ በማንኛውም ታንኳ ጀርባ ሊታሰርና ሊፈታ የሚችል፣ አንድ ሰው በእጁ ሊሸከመው የሚቻለውን ሞተር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በባሕር ዳር መንገደኛውን ወደ ጣና ገዳማት የሚያደርሱት፣ በሐዋሳና በላንጋኖ ሐይቅም የሚመላለሱት ጀልባዎች የሚገፉት በዚሁ ዓይነት ሞተር ነው። ሞተሩ ርካሽና ቀላል በመሆኑ መርከብ ለመግዛት አቅም ያልነበረው ዓሣ አጥማጅና የእጅ ባለሙያ ሳይቀር ወደ ውድድሩ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ዓለም አቀፉ የሞተር ጀልባ ማኅበር በተቋቋመበት ዘመን ጨዋታው በብዙ አገር ሥር ሰድዶ ነበር። ውድድሩም እንደ ሞተሩ መጠን በየመደቡ ይደረጋል፤ ትንሹ ከትንሹ፣ ትልቁም ከትልቁ ጋር ይሽቀዳደማል እንጂ የገንዘብ አቅም ያለው ሰው ትልቅ ሞተር ገዝቶ ድሀውን እንዲቀድም አይፈቀድለትም። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ጨዋታ በአብዛኛው ባለቤቱ ሞተሩን በገዛ እጁ ፈትቶ የሚገጥምበት፣ ከሽልማቱም ይልቅ ወጪው የሚበዛበት የፍቅር ሥራ ሆኖ ይኖራል።

ጃፓኖች ግን ለዚህ ጨዋታ ሌላ ሥርዓት ሠሩለት። በአገራቸው 24 የጀልባ መሽቀዳደሚያ ስፍራዎች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ውድድር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 6 ቀን 1952 በናጋሳኪ አውራጃ በኦሙራ ከተማ ተደረገ። በአንድ ጊዜ የሚወዳደሩት ስድስት ጀልባዎች ናቸው፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም እንደየቁጥራቸው ይለያቸዋል። በውኃው ላይ 300 ሜትር ተራርቀው የተተከሉትን ሁለት ምልክቶች ሦስት ጊዜ ይዞሩና 1800 ሜትሩን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይፈጽሙታል። ሞተሩ ወደ 400 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚጠጋ፣ ኃይሉም 30 የፈረስ ጕልበት ያህል ነው፤ ጀልባዋ ቀላል ስለ ሆነች በዚህ ኃይል በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር ትበርራለች፤ ተወዳዳሪውም በመታጠፊያው ላይ ከጀልባዋ ወለል ተነሥቶ ክብደቱን ወደ ውስጠኛው ጎን በመጣል ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ያስተካክላታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአነሣሡ ሥርዓት ነው። ጀልባዎቹ እንደ ሯጮች በመስመር ላይ ቆመው ምልክት አይጠብቁም፤ ፊት ለፊታቸው የተተከለውን ትልቅ ሰዓት እያዩ ከሩቅ ይንደረደሩና ሰዓቱ ዜሮ ከመታበት ቅጽበት አንሥቶ እስከ አንድ ሴኮንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መስመሩን ማለፍ ይኖርባቸዋል። በሴኮንድ መቶኛ እንኳ ቀድሞ ያለፈም ሆነ ከአንድ ሴኮንድ በላይ የዘገየ ተወዳዳሪ ከውድድሩ ይወጣል፤ በእርሱ ላይ ገንዘባቸውን ላስያዙ ሰዎችም ገንዘባቸው ይመለስላቸዋል። ጀልባውና ሞተሩ የስፍራው ንብረት ስለ ሆኑ ለተወዳዳሪው የሚደርሱት በዕጣ ነው፤ የእርሱ ጥበብ በዕጣ የደረሰውን ሞተር ማስተካከልና ፕሮፔለሩን በመዶሻ እየመታ ከውኃው ጠባይ ጋር ማስማማት ነው። ውድድሩ በሚካሄድባቸው ቀናት ሁሉ በስፍራው ማደሪያ ያድራል፤ ከውጭ ሰው ጋር ተመሳጥሮ ውጤት እንዳይሸጥም ስልኩ ይወሰዳል። ሴቶችና ወንዶች በአንድ ውኃ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ዓይነት ሞተር እኩል ይወዳደራሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የተደረገው ተመልካቹ በጀልባዎቹ ላይ ስለሚወራረድ ነው፤ ውርርዱን የፈቀደው ሕግም የወጣው በቀላሉ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1951 ጃፓን በጦርነት የወደመች፣ የንግድ መርከቦቿ በባሕር ውስጥ የሰጠሙባት፣ የመርከብ ማሠሪያዎቿ ሥራ የፈቱባት፣ ከተሞቿም ትምህርት ቤት ለማደስ ገንዘብ ያጡባት አገር ነበረች። የሞተር ጀልባ ውድድር ሕግ ሲቀርብ የላይኛው ምክር ቤት ሕዝቡን ወደ ቁማር የሚመራ ነው በማለት ጣለው፤ የታችኛው ምክር ቤት ግን ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጥ ድምፅ መልሶ አጸደቀው። ሕጉም ውድድሩን ለማካሄድ የሚቻላቸው የአካባቢ መንግሥታት ብቻ መሆናቸውን፣ ከተወራራጁ ገንዘብ ከመቶ 75 ያህሉ ለአሸናፊዎች ተመልሶ የቀረው ለከተሞቹ አገልግሎት እንደሚውል፣ ከጠቅላላውም ከመቶ 3 ያህሉ ለመርከብ ሥራና ለሕዝብ በጎ አድራጎት እንደሚሰጥ ደነገገ። ይህን የመጨረሻውን ድርሻ የሚቀበለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 ተቋቋመ፤ ዛሬ ኒፖን ፋውንዴሽን ተብሎ የሚጠራው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በጀልባ ውድድር ላይ የተወራረደው ገንዘብ ከ2 ትሪሊዮን የን በላይ ስለ ነበረ፣ በቁጥር ሲታይ ጥቂት የሚመስለው ከመቶ 3 የሆነው ድርሻ በአንድ ዓመት ብቻ ወደ 60 ቢሊዮን የን ይደርስ ነበር።

ይህ ድርሻ ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ይጀምራል። የወሎና የትግራይ ሕዝብ እልቂት በዓለም ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ፣ የድርጅቱ መሥራች የነበሩት ሪዮይቺ ሳሳካዋ እህል ከመስጠት ባሻገር ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ምርቱን የሚያበዛበት መንገድ እንዲፈለግ ፈለጉ፤ በእስያ ስንዴን በማሻሻላቸው እ.ኤ.አ. በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለተቀበሉት ለኖርማን ቦርላውግም ጥሪ ላኩላቸው። ቦርላውግ ሰባ ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ መሆናቸውን ጠቅሰው አዲስ ሥራ ለመጀመር ዕድሜያቸው እንደ ገፋ ሲናገሩ፣ ሳሳካዋ እርሳቸው በአሥራ አምስት ዓመት እንደሚበልጧቸው አስታውሰው ይህ ከሆነስ ሥራው ትናንት መጀመር ነበረበት ብለው እንደ መለሱላቸው ይነገራል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርም ተጨምረው እ.ኤ.አ. በ1986 የሳሳካዋ አፍሪካ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሥራው በጋና፣ በሱዳንና በዛምቢያ ተጀምሮ በ1985 ዓ.ም. የክረምት ዘር ወደ ኢትዮጵያ ገባ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ገበሬው ከገዛ መሬቱ ግማሽ ሄክታር ይለያል፤ ለዚያችም ማሳ ምርጥ ዘር፣ አንድ ከረጢት ዳፕና አንድ ከረጢት ዩሪያ ማዳበሪያ ይሰጠዋል፤ የዋጋውን ከፊል አስቀድሞ፣ ከፊሉንም አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ይከፍላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ዘሩ በመስመር መዘራቱን፣ ማዳበሪያው በጊዜው መጨመሩን፣ አረሙም መነቀሉን ከማሳው ላይ ቆሞ ያያል እንጂ የገበሬውን እርሻ አያርስለትም። በባኮ የምርምር ጣቢያ የተገኘው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ በቆመ ጊዜ፣ በድንበሩ ማዶ በልማድ የተዘራው ማሳ አጠገቡ ስለሚታይ፣ ጎረቤቶች በመስክ ቀን ተሰብስበው ሁለቱን በዓይናቸው ያነጻጽሩ ነበር። በሽግግሩ ዘመን ፕሬዚዳንት የነበሩት መለስ ዜናዊ ከካርተር ጋር ሆነው እነዚህን ማሳዎች ጎበኙ፤ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ይህንኑ አሠራር የአገር አቀፉ የግብርና ኤክስቴንሽን መሠረት አደረገው። በ1989 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቆሎ ወደ ኬንያ ለመላክ በቃች፤ በዚያው ዓመት በዓለማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው ሐረማያ፣ ለብዙ ዘመን በገጠር ያገለገሉ የግብርና ሠራተኞች ተመልሰው በዲግሪ የሚማሩበት ትምህርት በዚሁ ማኅበር ድጋፍ ተከፈተ።

ሁለተኛው በረከት የደረሰው ለሕሙማን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 በነበሩት አምስት ዓመታት ይኸው የጀልባ ገንዘብ 50 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሆኖ ለዓለም ጤና ድርጅት ስለ ተሰጠ፣ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በዓለም ላሉ ሕሙማን ሁሉ ያለ ዋጋ ታደለ። መድኃኒቱ በአንድ ቅጠል ላይ ለአንድ ወር የሚበቃው ተደርድሮ የታሸገ ነው፤ ደዌው ቀላል ለሆነበት ስድስት ቅጠል፣ ለጸናበት ዐሥራ ሁለት ቅጠል ይበቃዋል። በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ለዚህ ደዌ ሕክምናና ማስተማሪያ የተቋቋመውን አለርትን የሚያውቅ፣ ቀድሞም ሕሙማኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ወድቀው ሲለምኑ ያየ ሰው፣ በእነዚያ ቅጠሎች ምክንያት ስንት ጣት ከመቆረጥ፣ ስንት ዓይንም ከመታወር እንደ ዳነ ያስተውለዋል። ያንን መድኃኒት የዋጠ የጎጃም ወይም የአርሲ ሰው ዋጋውን የከፈለለት በጃፓን ውኃ ዳር ቆሞ በቢጫዋ ጀልባ ላይ ተወራርዶ የተሸነፈ ሠራተኛ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

ይህን ሁሉ ስናገር በሥራው ላይ የሚነሣውን ነቀፋ ልደብቅ አልሻም። ሪዮይቺ ሳሳካዋ በጦርነቱ ዘመን የጃፓን ጽንፈኛ ብሔረተኞች መሪ ነበሩ፤ ከጦርነቱም በኋላ በጦር ወንጀል ተጠርጥረው በሱጋሞ እስር ቤት ሦስት ዓመት ታስረው ያለ ክስ በ1948 እ.ኤ.አ. የተለቀቁ ሰው ናቸው። የሕዝብ ገንዘብ በእንዲህ ያለ ሰው እጅ ለብዙ ዘመን መቆየቱን በጃፓን ብዙ ሰዎች ነቅፈዋል፤ መሥራቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ከሞቱ በኋላም የድርጅቱ ሊቀ መንበርነት ለልቦለድ ደራሲዋ ለአያኮ ሶኖ ተሰጥቶ ነበር። በአገራችንም ቢሆን የማዳበሪያው ዕዳ በብዙ ገበሬ ላይ ከባድ ሸክም ሆነ፤ በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ወድቆ ገበሬው ዕዳውን መክፈል ተሳነው፤ በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣም ምርጥ ዘር ብቻውን ከረኃብ እንደማያድን ታየ። ገበያና መንገድ፣ ጎተራና መስኖ ያልተከተለው ዘር ሥራውን በግማሽ ያስቀረዋል።

ከሁሉ የሚጸናው ጥያቄ ግን የመንፈስ ጥያቄ ነው፤ የቁማር ገንዘብ ለበጎ ሥራ ሊውል ይገባዋልን? ቤተ ክርስቲያናችን ቁማርን ትነቅፋለች፤ ኦሪትም በነውር የተገኘ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ትከለክላለች። ይሁን እንጂ ወንጌላዊው ማቴዎስ እንደ ተረከው፣ ይሁዳ በቤተ መቅደስ የጣለውን ሠላሳ ብር የካህናት አለቆች የደም ዋጋ ስለ ሆነ ወደ መባው ሣጥን አንጨምረውም አሉ፤ መንገድ ላይም አልጣሉትም፤ የእንግዶች መቃብር እንዲሆን የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙበት። ያንን ብር ያስገኘውን ክፋት ይህ ግዢ ንጹሕ አያደርገውም፤ ነገር ግን ነውረኛው ገንዘብ አንዴ በእጅ ከገባ በኋላ እንኳ አድራሻ እንደሚያስፈልገው፣ አድራሻውም በሕዝብ ፊት ሊታወቅ እንደሚገባ ያስተምረናል። ቁማር ባይኖር የተሻለ እንደ ነበረ አምናለሁ፤ ካለና መንግሥት ከፈቀደው ግን ዝም ብሎ መተዉ ከመፍቀዱ የባሰ ጥፋት ይሆናል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ባምቢስ በግሪካዊ ነጋዴ ሱፐርማርኬት ስም የሚጠራ፣ ወደ ላይ ሲወጡ ካዛንቺስን፣ ከዚያም በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበትን የአፍሪካ አዳራሽን የሚያገናኝ፣ ድሀና ሀብታም፣ እንግዳና ባለ አገር በአንድ መንገድ የሚተላለፍበት የከተማ መካከል ነው። በቅርቡ በኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶ የሰፈሩ መልክ ተለውጧል፤ ያልተለወጠው የውርርዱ ልማድ ነው። ወጣቱ በስልኩ ላይ ሆኖ የእንግሊዝ ኳስ የውርርድ ምጣኔ (ኦድ) ያሰላል፤ ትኬት ይቆርጣል፤ አንዷ ጨዋታ ስታበላሽበት ተበላሁ ይላል፤ በማግሥቱም የተበላውን ሊያስመልስ እንደገና ይቆርጣል። የከተማው አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን በብዛት ያሸገበት ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን ውርርዱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ኪስ ገባ እንጂ አልቀረም። ማሸግ በር ይዘጋል፤ በስልክ የሚቆረጠውን ትኬት የሚደርስበት ግን ሕግና ቁጥጥር ብቻ ነው።

ከዚህ ገንዘብ ለሕዝብ የሚደርሰውን በሕጋችን ስንፈልግ የምናገኘው ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ ከ1000 ብር በላይ ያሸነፈ ሰው ከመቶ 15 ግብር እንዲከፍል አዝዞአል፤ አወራራጆቹም ለፈቃዳቸው ለመንግሥት ይከፍላሉ። ይህ ገንዘብ ሁሉ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገብቶ ከሌላው ገቢ ጋር ይቀላቀላልና፣ በባምቢስ ትኬት የቆረጠ ወጣት ከተበላበት መቶ ብር ውስጥ ለሕዝብ የደረሰ ሳንቲም ቢኖር የትኛው ትምህርት ቤት ወይም የትኛው ማሳ እንደ ገባ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለም። ባላወቀውም ነገር ሊጠይቅ አይችልም፤ የማይጠየቅ ገንዘብም እንደማይጠበቅ ገንዘብ ነው።

አድራሻ ያለው የዕጣ ገንዘብ በእኛም አገር ሕዝብን እንደሚያንቀሳቅስ ግን በዓይናችን አይተነዋል። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ8100 የስልክ መልእክት ሎተሪ ሲወጣ፣ ሽልማቱ ቢያመልጠው እንኳ ብሩ ከግድቡ ግንብ ውስጥ መግባቱን ያወቀ ሰው በደስታ ይልክ ነበር። ያ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራውን ጀምሯል፤ ያንን ብር የላከ ሁሉ የላከው የት እንደ ደረሰ በስም ያውቀዋል። ለአንድ ግድብ የተቻለው ለዘወትር ሕግ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ያለ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የስፖርት ውርርድን የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅ ያውጣ፤ በአዋጁም ከተወራራጁ ገንዘብ ለአሸናፊ የሚመለሰው፣ ለአወራራጁ የሚቀረውና ለሕዝብ የሚሰጠው ድርሻ በቁጥር ይጻፍ። ለሕዝብ የሚሰጠው ከሌላ ገቢ ጋር ሳይቀላቀል በልዩ መዝገብ ይያዝ፤ ሒሳቡም በዋናው ኦዲተር ተመርምሮ በየዓመቱ በጋዜጣ ይታተም። መዝገቡን የሚጠብቁት ሰዎች በየጊዜው የሚለወጡና ለምክር ቤት የሚጠየቁ ይሁኑ፤ ጃፓን ውስጥ አንድ ሰው በሕዝብ ገንዘብ ላይ ለረጅም ዘመን መቀመጡ ያስከተለው ቅሬታ እዚህ እንዳይደገም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ እንዳይወራረድ፣ ዕዳ ውስጥ የገባ ወጣትም ምክርና ሕክምና እንዲያገኝ ከዚያው ድርሻ ይመደብ።

የቀረው ድርሻ ወዴት ይሂድ ብባል መልሴ ወደ አፈር የሚል ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከመቶ 40 ያህሉ በአሲድ የተጠቃ ነው። በጎጃም፣ በአገው ምድር፣ በወለጋና በሲዳማ ደጋ ዳፕና ዩሪያ የጨመረ ገበሬ አፈሩ ምግቡን አልለቅ ስላለው ምርት አያገኝም፤ በአዊ ዞን ብዙ ገበሬ ስንዴና ገብሱን ትቶ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ለመሸጥ የተገደደው ከፊሉ በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው፤ ኖራ ግን በሄክታር በብዙ ኩንታል ስለሚፈለግና ማጓጓዣው ከዋጋው ስለሚበልጥ ገበሬው በአቅሙ ሊገዛው አይችልም። በ1985 ዓ.ም. ለግማሽ ሄክታር ማሳችን ዘር የከፈለው የባዕድ አገር የጀልባ ውርርድ ነበር፤ ዛሬ ለአፈራችን ኖራ የሚበቃ የውርርድ ብር በየሰፈራችን በየዕለቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። የእኛን አፈር ለማዳን ሌላ ሳሳካዋ ከሩቅ አገር እስኪመጣ መጠበቅ ለአንድ ትልቅ ሕዝብ አይገባውም፤ ምክር ቤቱ ይህን አንቀጽ በሚቀጥለው የሥራ ዘመኑ ይጻፍ፤ ኖራውም ከጎጃምና ከወለጋ ማሳ ላይ ሲበተን፣ ከየትኛው ገንዘብ እንደ ተገዛ ለገበሬውም ለተወራራጁም በስም ይነገረው።